ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል? ርቀቱንና ጊዜውን ራሳችሁ የምታሰሉበት መንገድ

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አበሻ ሁሉ ይሄን ጥያቄ ተጠይቋል። "ስንት ሰዓት ነው የሚበረው?" አንዱ 13 ሰዓት ይላል። ሌላው 17 ነው ብሎ ይምላል። ትኬቱን በእጁ የያዘው ደግሞ "ኧረ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው፣ ይኸው ተጽፏል" ይላል። ሦስቱም ቁጥሩን ከራሳቸው አላመጡትም። 13ቱ የመመለሻው ጉዞ ነው። 17ቱ የመሄጃው ነው። ዘጠኙ ግን የጉዞ ርዝመት አይደለም፣ የሁለት ከተሞችን ሰዓት ዝም ብሎ መቀነስ ነው።

ዘመድ ልትቀበሉ ከሆነ፣ እናታችሁን ልትልኩ ከሆነ፣ ወይም ራሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ ስሌቱን ማወቅ ይጠቅማችኋል። ወረቀትና ስልክ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ርቀቱን በጠፍጣፋ ካርታ አትለኩ

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ብታሰምሩ መስመሩ በማሊና በሞሪታኒያ በኩል ያልፋል። አጭሩ መንገድ ግን እሱ አይደለም። ምድር ክብ ናት፣ ካርታው ደግሞ ክቡን ነገር ዘርግቶ ያሳያል፣ ስለዚህ ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር ርቀቱን እየለጠጠ ያታልለናል።

ልጆች የሚማሩበት ሉል ቤት ውስጥ ካለ አንድ ክር ውሰዱ። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርጋችሁ ወጥሩት። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲወጣ ታያላችሁ። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ አልጄሪያን፣ የስፔንን ደቡብና ፖርቱጋልን አልፎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይገባል። አጭሩ መንገድ ይሄ ነው።

አሁን የክሩን ርዝመት ለኩ። ከዚያ የሉሉን የምድር ወገብ ዙሪያውን በክር ለኩ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍላችሁ በ40,000 አባዙት፣ የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ። ለምሳሌ ክሩ 27 ሴንቲ ሜትር፣ ዙሪያው 94 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 11,500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣላችኋል። በትክክል ሲሰላ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክር ይዞ እዚህ ድረስ መቅረብ ትልቅ ነገር ነው፣ ከልጆች ጋር ሞክሩት።

ክር የሌለው በኮምፒውተር ጉግል ማፕስን ይክፈት። ቦሌ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ርቀት መለኪያውን ይምረጥ፣ ከዚያ ደለስ ላይ ይጫን። ክቡን ምድር ተከትሎ ይለካላችኋል።

ደረጃ 2፦ አውሮፕላኑ የት እንደሚያርፍ እወቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ መሃል ላይ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል። በተለያዩ ዓመታት በሮም፣ በደብሊን፣ በሎሜ በኩል ሄዷል። ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል። ያው አውሮፕላን፣ ያው ርቀት። ታዲያ ለምን?

መልሱ አዲስ አበባ ያለችበት ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ክንፉን በደንብ አያነሳም፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ተሸክሞ ከቦሌ መነሳት ይከብደዋል። ወይ ሰው መቀነስ አለበት፣ ወይ ነዳጅ። ነዳጁ ይቀነስና መንገድ ላይ ይሞላል። ደለስ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳን አይሞላም። ከዚያ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት አይቸግረውም። በደጋ ከተማ መኖራችን ከአሜሪካ ጉዟችን ላይ ሰዓታት እንደሚጨምር ያወቅሁ ቀን በጣም ነው የገረመኝ፣ ከዚያ በኋላ እማዬን "ለምንድነው መንገድ ላይ ያቆሙን?" ስትለኝ በደንብ አስረዳኋት።

ስለዚህ ትኬቱ ላይ የማረፊያውን ከተማ ስም ፈልጉ። ከዚያ ርቀቱን በሁለት ከፍላችሁ ደምሩ። በደብሊን በኩል ከሆነ ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,370፣ ከደብሊን ዋሽንግተን 5,460፣ በድምሩ 11,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቀጥታው ጋር ሲነጻጸር የሚጨምረው 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በሎሜ በኩል ግን 4,150 እና 8,600፣ በድምሩ 12,750 ይሆናል። ያ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ጭማሪ ነው፣ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት በላይ።

በሌላ አየር መንገድ ትራንዚት አድርጋችሁ የምትሄዱም በዚሁ ዘዴ አስሉ። በፍራንክፈርት 11,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። በኢስታንቡል 12,100። በዱባይ ግን 13,900 ገደማ ነው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ሄዳችሁ ነው ወደ ምዕራብ የምትመለሱት። ዱባይ ከደረሳችሁ በኋላ የሚቀራችሁ መንገድ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ካለው ጋር እኩል ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው! ትኬቱ ረከሰ ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን አስቡበት፣ በተለይ የምትልኩት እግሩ የሚያብጥ ትልቅ ሰው ከሆነ።

ደረጃ 3፦ ርቀቱን ወደ ሰዓት ቀይሩ

ትልልቆቹ አውሮፕላኖች፣ ኤ350ም ሆነ ድሪምላይነር፣ ከፍታቸውን ይዘው ሲበሩ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ርቀቱን ለ900 አካፍሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ በረራ 40 ደቂቃ ጨምሩ፣ ለመነሻው፣ ለመውጫው፣ ለመውረጃውና መሬት ላይ ለሚንደረደርበት።

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ቀጥታው 11,560 ለ900 ሲካፈል 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። 40 ስንጨምር 13 ሰዓት ተኩል። ግን ነፋሱ አለ። ሰሜን አትላንቲክ ላይ፣ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ክረምት ላይ፣ ማለቴ የፈረንጆቹ ክረምት፣ ይበረታል። ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ከኋላ ይገፋዋል፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ከፊት ይይዘዋል። እኔ አትላንቲክን ወደ አሜሪካ ለሚያቋርጥ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት እጨምራለሁ፣ ለሚመለሰው ያንኑ እቀንሳለሁ። ስለዚህ የመመለሻው ጉዞ 13 ሰዓት አካባቢ ይሆናል።

መሄጃው በሎሜ በኩል እንበል። የመጀመሪያው 5 ሰዓት ከሩብ። ሁለተኛው 10 ሰዓት ከሩብ፣ ከነፋሱ ጋር 10 ሰዓት ከ45። ነዳጅ እስኪሞላ አንድ ሰዓት። ድምሩ 17 ሰዓት። 13 እና 17 ያሉት ሁለቱም ልክ ነበሩ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። አውሮፕላን ሁልጊዜ በክሩ መስመር አይሄድም። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ የጀመረው ሚያዝያ 7፣ 2015፣ በፋሲካ ዋዜማ ነበር። ያን ጊዜ የሱዳን ሰማይ ሲዘጋ ወደ ሰሜን የሚሄዱ በረራዎች ዞረው ለመሄድ ተገደዱ። ካርታችሁ ላይ መስመሩ በጦርነት አካባቢ የሚያልፍ ከሆነ ትንሽ ጨመር አድርጋችሁ ያዙ።

ደረጃ 4፦ ሁለቱን ሰዓቶች አንድ አድርጉ

ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም። አሜሪካ ግን በዓመት ሁለቴ ትቀይራለች፣ በማርች ሁለተኛው እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ። በ2026 ማርች 8 እና ኖቬምበር 1 ማለት ነው። ከኖቬምበር እስከ ማርች በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው ልዩነት 8 ሰዓት ነው። ከማርች እስከ ኖቬምበር 7 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ትቀድማለች።

እዚህ ላይ እኔ የምጠቀምበትን አቋራጭ ልንገራችሁ። እማዬ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው የተሞላው። እኔ ደግሞ ስልኬ በፈረንጅ ነው። ከእማዬ ሰዓት ላይ በብርዱ ወራት 2፣ በሙቀቱ ወራት 1 ብቀንስ የዋሽንግተን ሰዓት ይመጣልኛል። እሷ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ከሆነ፣ በብርዱ ወራት እኔ ጋ ጠዋት 8 ነው፣ በሙቀቱ 9። እሷ ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ፣ በብርዱ ወራት እኔ ጋ ከሰዓት በኋላ 2 ነው። የእኛና የፈረንጁ ሰዓት በ6 ስለሚለያይ ነው እንዲህ የሚቀልለው። ስልክ መደወያ ሰዓት ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

አሁን ትኬቱን አንብቡ። ትኬት ላይ ያለው መነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ ሰዓት ነው፣ መድረሻው ደግሞ የመድረሻው ከተማ። ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ በጃንዋሪ ከአዲስ አበባ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 07:30 ዋሽንግተን ይገባል ይላል እንበል። ሲቀናነስ ዘጠኝ ሰዓት ይመስላል። ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ልዩነቱን ጨምሩ፦ 9 ሲደመር 8፣ 17 ሰዓት። ሲመለሱ ደግሞ ቀንሱ። ከዋሽንግተን 10:30 ተነስቶ በማግስቱ 07:30 አዲስ አበባ የሚገባ በረራ 21 ሰዓት ይመስላል። 8 ሲቀነስ 13 ነው። ከደረጃ 3 ካገኛችሁት ጋር ተቀራረበ? እንግዲያው ስሌታችሁ ልክ ነው። ካልተቀራረበ ወይ ረዥም ትራንዚት አለ፣ ወይ ቀኑን ተሳስታችኋል።

ከመድረሻው ሰዓት ጎን +1 የሚል ምልክት ካያችሁ በማግስቱ ይደርሳል ማለት ነው። እሱን ሳያዩ ኤርፖርት በአንድ ቀን ቀድመው የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ።

ደረጃ 5፦ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ከሆነ ቆም በሉ

ይሄኛው ደረጃ ላይ እለምናችኋለሁ፣ ሁለቴ አንብቡት።

የዛሬ ሦስት ዓመት አክስቴ ወደዚህ ሊመጡ ነበር። ትኬታቸው ላይ ሰኞ 00:35 ይላል። ትኬቱን የቆረጠላቸው ቢሮ፣ ለመርዳት ብሎ፣ ከላዩ ላይ በእስክሪብቶ "ሰኞ ሌሊት 6:35" ብሎ ጻፈላቸው። አክስቴ እሑድ ማታ ሻንጣቸውን አስረው ተኙ። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሲሰናበቱ ዋሉ። ጎረቤት መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ ተለቀሰ። ማታ 3:30 ላይ ቦሌ ደረሱ። አውሮፕላኑ ከሄደ 21 ሰዓት አልፎታል። እኔም ያንኑ ወረቀት በፎቶ ልከውልኝ አምኜ ማክሰኞ ልቀበላቸው ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ለትኬቱ መቀየሪያ ተጨማሪ ገንዘብ ተከፈለ። አክስቴ ግን ከገንዘቡ በላይ ያዘኑት ያን ሁሉ ሰው ተሰናብተው ወደ ቤት መመለሳቸው ነው።

ችግሩ ምንድነው? የፈረንጅ ቀን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። የእኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ሰኞ 00:35 ለፈረንጁ ሰኞ ገብቷል። ለእኛ ግን ገና እሑድ ሌሊት ነው። "ሰኞ ሌሊት" ስንል አብዛኞቻችን የምናስበው ሰኞ ውሎ ከመሸ በኋላ ያለውን ነው። አንድ ሙሉ ቀን ይሳሳታል።

መፍትሔው የራሳችን ቋንቋ ውስጥ አለ፦ አጥቢያ። ለትልቅ ሰው ስትነግሩ "እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:35" በሏቸው። በዚህ አባባል የሚሳሳት የለም። ከዚያ ደግሞ የበረራውን ሰዓት ሳይሆን ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት በትልቁ ጻፉላቸው። "እሑድ ማታ 3 ሰዓት ከቤት ውጡ።" እኔ አሁን ለማንም ሰው ትኬት ስልክ ሦስት መስመር ብቻ ነው የምጽፈው፣ ከቤት መውጫውን፣ መነሻውን፣ መድረሻውን፣ እያንዳንዱን ከነቀኑ ስም።

ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ጨምሩ። ጃንዋሪ 15፣ 2027 ብሎ መላክ ለብዙ እናቶች ምንም ማለት አይደለም። "ዓርብ፣ ጥር 7፣ ጥምቀት ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው" ስትሏቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

ደረጃ 6፦ ከበር እስከ በር ያለውን ደምሩ

17 ሰዓቱ የአውሮፕላኑ ነው። የሰውየው ጉዞ ከዚያ ይበልጣል። ቦሌ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። ከቤት እስከ ቦሌ ያለውን መንገድ ጨምሩ። ደለስ ከደረሱ በኋላ የኢሚግሬሽን ሰልፍ፣ ሻንጣ፣ ጉምሩክ አለ። ሻንጣ ውስጥ ምግብ ካለ ፍተሻው ይረዝማል፣ ያለውንም ነገር አለ ብሎ መናገር ነው የሚያዋጣው። በአጠቃላይ 17ቱ በቀላሉ 23 ወይም 24 ሰዓት ይሆናል። ለሰባ ዓመት እናት ይሄ ትልቅ ድካም ነው። ከአውሮፕላን እንደወረዱ የእንኳን ደህና መጣሽ ድግስ አትደግሱባት፣ መጀመሪያ ትተኛ።

ለምትቀበሉ ደግሞ፦ አውሮፕላኑ ያረፈበት ሰዓት እንግዳው የሚወጣበት ሰዓት አይደለም። እኔ ካረፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው የምደርሰው፣ እንደዚያም ሆኖ ብዙ ጊዜ እጠብቃለሁ። ደለስ ያለው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፣ ከዋሽንግተን መሃል ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከሲልቨር ስፕሪንግ የምትነሱ ጠዋት ላይ ቀለበት መንገዱ እንደሚጨናነቅ ታውቁታላችሁ። መኪና የሌለው ሰው ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ የሜትሮው ሲልቨር መስመር እስከ ኤርፖርቱ ይደርስለታል። ከመነሳታችሁ በፊት የበረራ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉና አውሮፕላኑ የት እንደደረሰ እዩ።

ለሌሎች ከተሞችም ስሌቱ ያው ነው። ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ 2,590 ኪሎ ሜትር፣ ዱባይ 2,520 ገደማ ነው። ሁለቱም አራት ሰዓት አካባቢ ይበራሉ። ሰዓታቸው ግን ይለያያል። ዱባይ ዓመቱን ሙሉ አዲስ አበባን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ቴል አቪቭ በበጋቸው ከእኛ እኩል ናት፣ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ። ሪያድ ያላችሁ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናችሁ፣ ሁልጊዜም ከአዲስ አበባ እኩል ስለሆነ ደረጃ 4ን ዝለሉትና በቀጥታ ወደ አጥቢያው ሂዱ።